ማጉያው ይዘጋልን፦ አምስት የጎጃም ምሽቶች

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አሥራ ስድስት ሆነን ኮስተር ተከራየንና ወደ ጎጃም ተነሣን። ግማሾቻችን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። የቀረነው ጓደኛ በጓደኛ የተያያዝን ነን። ሁለት እህትማማቾች አሉ፣ አንዲት ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርም አሉ። እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስመለስ ደብተሬን ሳገላብጥ የቀኑ ማስታወሻ አጭር አጭር ነው። ገጹን የሞላው የማታው ነው። ምን በላን፣ ማን ዘፈነ፣ ማን ገጠመ። እሱኑ ልጽፈው።

ጥር 20፣ ሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። ፍቼ ላይ ቁርስ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ሻይ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። የአባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወስዳል። ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬት የለበሰ ሁሉ ድልድዩ ጋ ሲደርስ በካናቴራ ቀርቷል። ሾፌራችን ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ እያለ ወረደ። መኪናው ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ከጎኑ ቆሟል። ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንገባ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ።

ደብረ ማርቆስ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አንድ የባህል ምሽት ቤት ገባን። ምግቡ ላይ ምንም የምለው የለኝም፤ ሸጋ ነበር። ጥብሱ ፍም ባለበት ሸክላ እየተንቸሰቸሰ መጣ። እንጀራው የጎጃም ነጭ ጤፍ ነው፤ ዓይኑ የወጣ፣ ለስላሳ፣ ሲያጥፉት የማይሰበር። ጠጁ በብርሌ ቀረበ። የማር አገር ጠጅ መሆኑ ከሽታው ይታወቃል።

ሙዚቃው ግን አሳዘነኝ። አዝማሪው ማሲንቆ ይዟል፣ ከጎኑ ኪቦርድ አለ፣ ከኋላው ደግሞ ቁመቱ ሰው የሚያህል ድምፅ ማጉያ። ቤቱ ጠባብ ነው። ማጉያው ደረት ያንቀጠቅጣል። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ የሚሉትን የማውቀው ከንፈራቸውን አይቼ ነው። አዝማሪው ሲገጥም ይታያል፤ ቃሉ ግን አይሰማም። ሰው ያጨበጭባል፣ ምኑን እንደሚያጨበጭብ ግን አያውቅም። የአዝማሪ ሥራ ግማሹ ቃል ነው። ዋሸራን በመሰለ የቅኔ ቤት በሚታወቅ አገር ላይ ቃሉ ካልተሰማ ምኑ ቀረ?

3 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ።

ድርግም አለ። ማጉያው ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም። ሰው ስልኩን አወጣና አበራ። አዝማሪው ግን አላቆመም። ያኔ ነው ማሲንቆውን የሰማሁት። ሻካራ ነው፣ ትንሽ ሳል ያለበት የአዛውንት ድምፅ ይመስላል። ደጋኑ ወደ ላይ ሲሄድና ወደ ታች ሲመለስ ድምፁ ይለያያል፤ ቅድም ይኸ ሁሉ ተሸፍኖ ነበር። አዝማሪው በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሹለከለከ ወደ እኛ መጣ። ዝቅ ብሎ ከየት እንደመጣን ሾፌራችንን ጠየቀው። ቀና አለና እንዲህ አለን፦

ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ለወጣ፣
ከኋላው ደጀን ነው ምን አለበት ጣጣ።

ሾፌራችን ከመቀመጫው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈለት። በቅኔ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቅ ይባላል። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ወርቁ ምንድን ነው?» አሉኝ። ደጀን ከተማዋም ናት፣ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ወገንም ነው አልኳቸው። በረሃውን ተሻግሮ ደጀንን አልፎ የመጣ ሰው ከኋላው ደጋፊ አለው ማለት ነው። ጋሼ ግጥሙን ለራሳቸው ደጋግመው አሉት። ዕድሜ ልኬን ቁጥር ሳስተምር ወርቅ ሳልፈልግ ቀረሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እፈልጋለሁ አሉን።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጄኔሬተር ተነሣ። ማጉያውም አብሮ ተነሣ። ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

ጥር 21፣ ማክሰኞ፣ ከቡሬ አለፍ ብሎ

ጠዋት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አየን። ራስ አዳል ተብለው ኖረው በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ከተማዋም በፊት መንቆረር ትባል ነበር። ከዚያ ጉዞ። ቀኑ አስተርእዮ ማርያም ነው። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም መንገዱ ዳርና ዳር ነጭ ለብሷል። ጎልማሶቹ አረንጓዴ ቁምጣ በጋቢ ለብሰው ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ሴቶቹ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል። ሾፌራችን ክላክስ ሳያደርግ በእግረኛ ፍጥነት ሄደ።

የመኪናችን ረዳት የዚያው አገር ልጅ ነው። እናቱ ማርያምን ይዘክራሉ። ‹ቤታችን ሳትገቡ ብታልፉ እናቴ አትለቀኝም› ሲለን ከረመ። ከቡሬ ወጣ ብለን ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ጥቂት በእግር ሄድን። አመሻሽ ላይ ደረስን።

እማማን ያየናቸው በር ላይ ነው። እያንዳንዳችንን ሦስት ሦስት ጊዜ ሳሙን። ቤቱ የሣር ክዳን ነው፣ መደቡ በአጎዛ ተሸፍኗል። በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መብራት ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ድፎ ዳቦ መጣ። ኮባው ሲላጥ ከዳቦው ላይ የቅጠሉ ሥር ሥር ታትሞ ቀርቷል፤ መስመሩ አንድ በአንድ ይታያል። ጋሼ ባርከው ቆረሱት። ጠላው በአንኮላ ቀረበ። ጠላ ከብርጭቆና ከአንኮላ ሲጠጣ አንድ አይደለም፤ ቅሉ የራሱ ሽታ አለው፣ ከጌሾው ጋር ይስማማል።

ከዚያ ዶሮ ወጡ። ለአሥራ ስድስት ሰው እንዴት እንደሚዳረስ ተጨንቄ ነበር። እማማ ግን ሌማቱ ዳር ቆመው በዓይናቸው ቆጠሩን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ብልት ለባለቤቱ አደሉት። ፈረሰኛው የአባወራ ነው። አባወራው በሕይወት የሉም። ሁላችንም ለጋሼ ይሰጣሉ ብለን ስንጠብቅ ሾፌራችን ፊት አስቀመጡት። «ልጆቼን በደህና ያመጣ እሱ ነው» አሉ። ሾፌራችን ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፣ እሳቸው ደግሞ ከለከሉት። ነርሷ ጠገብኩ ስትል «አፈር ስሆን! በሞቴ!» ብለው አጎረሷት። አንዱ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙላት።

ሙዚቃው ያለ ማስታወቂያ ነው የጀመረው። ከጓዳ አንዲት ሴት ከበሮ ይዛ ወጣች። የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ተሰብስበው ነበርና ጭብጨባው ከውጭ ተቀበላት። የምታወጣው አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ቤቱን ይሞላዋል። እሷ ትላለች፣ ሃያ ሴት ይቀበላታል። አንዷ መስመር ላይ ስትሳሳት እማማ ከጓዳ ሆነው ጮክ ብለው አረሟት፤ ልጅቱም ሳታቆም አስተካክላ ቀጠለች። ረዳታችን ሽመሉን በሁለት እጁ ከአንገቱ ኋላ ያዘ። ትከሻው መጀመሪያ ቀስ አለ። ከዚያ ከጭብጨባው ቀድሞ ሮጠ። መሬቱን ሲረግጥ መደቡ ላይ ያለን ሰዎች ተሰማን። በመኪናው በር ላይ ተንጠልጥሎ ‹ዞር በል› ሲል የማውቀው ልጅ ነው። እናቱ ፊት ሌላ ሰው ሆነ።

ስንወጣ እማማ ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልን።

ጥር 22፣ ረቡዕ፣ እንጅባራ

እንጅባራ ይበርዳል። ጋቢ ያልያዘ ሰው ተጸጸተ። ቀን የዘንገና ሐይቅን አየን፤ ክብ ነው፣ ዙሪያው ደን ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። መንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት ይሸጣል። ሰዉ አገውኛውንም አማርኛውንም ባንድ ትንፋሽ ያወራል። ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ቻግኒ የድምፃዊቷ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የትውልድ አገር ናት። ከእህትማማቾቹ ታላቂቱ ይህን ስትሰማ ዛሬውኑ እንሂድ ብላ ነበር፤ ጊዜ አልነበረንም።

ረቡዕ ስለሆነ ማታ የጾም ነው። ግቢው ውስጥ ፍም ተደርጎ ዙሪያውን ተቀመጥን። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች መጣ፣ አብሮ አዋዜ። የአዊ፣ የዚህ የእንጅባራ አገር፣ ድንች ሲላጥ ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሽሮ፣ ከዚያ የሱፍ ፍትፍት። በብርድ ላይ ትኩስ ድንች እየላጡ መብላትን የመሰለ ነገር የለም። ማንም ሥጋ አላሰኘውም።

የእንግዳ ማረፊያው ዘበኛ ዕድሜያቸው ስልሳ ያለፈ ይመስላል። ሾፌራችን ገና ከመግባታችን «አያ» እያለ ወዳጅ አድርጓቸዋል። ወደ ፍሙ ጠራቸውና ድንች አቀበላቸው። በልተው ሲጨርሱ ከካፖርታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አራት ዋሽንት ነው። አንዱ ከሌላው በቁመት ይበልጣል። ነርሷ ለምን አራት እንዳስፈለገ ጠየቀቻቸው። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው፣ ዘፋኙ ከፍ ሲል አጭሩን፣ ዝቅ ሲል ረጅሙን ነው አሏት።

ረጅሙን መረጡ። ከፍሙ ጠጋ አድርገው ጥቂት አሞቁት። አራት ቀዳዳ አለው፤ ዳር ዳሩ ከጣት ብዛት ለስልሷል፣ ከሌላው አካሉ ይልቅ ይጠቁራል። ከብት ጠባቂ ሳሉ ራሳቸው እንደቀዱት ነገሩን። አፋቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ነፉ። መጀመሪያ የሚሰማው አየሩ ብቻ ነው። ከአየሩ ውስጥ ዜማው ቀስ ብሎ ይወጣል። ትዝታ ነው። ከእኛ የሚያውቀው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

እዚህ ማጉያ የለም። የሚያወራም አልነበረም። ፍሙ ሲፈነዳ ይሰማል፣ ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ዜማው ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ቅር እንዳይላቸው ፈርቼ ቀና ስል ሰውየው ፈገግ ብለው ሁለተኛውን ዋሽንት እያሞቁ ነው። 5 ሰዓት ድረስ ተቀመጥን። በጉዞው ካሳለፍኳቸው ምሽቶች አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህን እይዛለሁ።

ጥር 23፣ ሐሙስ፣ ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር

ወደዚህ አገር በዚህ ሳምንት የመጣነው ለዚህ ቀን ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረሶች በዓድዋ ዘመቻ የዋሉትን ውለታ ለማሰብ ነው። ሜዳው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ኮርቻው በቀይና በቢጫ ተጊጧል፣ የፈረሱ ግንባር ላይ ዘርፍ ይወዛወዛል። ጭራው ተበጥሮ፣ የአንዳንዱም ተጎንጉኖ ተለቋል። ሽማግሌዎቹ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እየተሽቀዳደሙ ይጋልባሉ። አቧራው ጸሐይ ይሸፍናል፣ ፉከራው ከእልልታው ጋር ይደባለቃል። ጋሼ እማማ ለሾፌራችን የሰጡትን ብልት አስታወሱና «ፈረሰኛ ማለት ይኸ ነው» አሉት።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ጀመርን። ባሕር ዳር የገባነው ደክሞን፣ አቧራ ለብሰን ነው። የተበላውን አላስታውስም። የተዘፈነም የለም።

ጥር 24፣ ዓርብ፣ ባሕር ዳር

ጠዋት በጀልባ ዘጌ ገባን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የዘጌ ቡና በጫካው ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። አንዲት እናት ከቤታቸው ደጃፍ ቆልተው አፈሉልን። ሦስተኛውን ሳንጠጣ አልለቀቁንም። ስንመለስ ደንገል ታንኳ ላይ የቆሙ ሰዎች አጠገባችን አለፉ።

ማታ ጣና ዳር አሳ ቀረበ። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎኑ በቢላ ተበጣጥቶ መጣ። በብጣቱ ውስጥ ሚጥሚጣና ሎሚ ገብቷል። አምባዛው ጉላሽ ሆኗል። ዓርብ ነውና አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነሣ። ግማሹ በላ። ጋሼ ሽሮ አዘዙ። ለሌላው ግን አጥንቱን እየለቀሙ፣ ሥጋውን ለብቻ እያደረጉ አቀረቡ።

ከዚያ አዝማሪ ቤት። ይኸኛው ጠባብ ነው፣ በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች። ማጉያውን ጥግ ላይ ሳየው ሆዴ ባባ። የደብረ ማርቆሱ ሊደገም ነው ብዬ ተነሣሁና የቤቱን ባለቤት አነጋገርኩት። ማጉያው ይዘጋልን፣ ቃሉን መስማት እንፈልጋለን አልኩት። አመነታ። መንገደኛ የሚገባው ድምፁን ሰምቶ ነው፣ ዝም ያለ ቤት ባዶ ይመስላል አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንጀራው ነው። እኛ አሥራ ስድስት ነን፣ እስክንሄድ ድረስ ቤቱ አይጎድልም አልኩት። ሴትዮዋ ሰምታን ኖሯል። እሷ ራሷ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለች። «ጉሮሮዬም ይረፍ» አለች።

በርጩማቸውን ስበው እግራችን ሥር ተቀመጡ። ማሲንቆውን በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። አራት ማዕዘን ገበታ ነው፣ የፍየል ቆዳ ተወጥሮበታል። ቆዳው ጣት በሚያርፍበት በኩል ወዝ ጠጥቶ ቀይ ሆኗል። አንዲት ክር ብቻ ናት ያለችው። ጠጋ ብለው ሲያዩ ግን አንድ ክር አይደለችም፤ ብዙ የፈረስ ጭራ አንድ ላይ ተይዞ ነው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ከኪሱ ትንሽ እጣን አወጣና ደጋኑን አሸው። ካላሸሁት ይንሸራተታል፣ አይናገርም አለን። ነርሷ ጭራውን ከየት እንደሚያመጣ ጠየቀችው። ከአዊ ወገን ነው የሚያመጡልኝ አላት። ትናንት አቧራ ውስጥ ሲወዛወዝ ያየነው ጭራ ዛሬ ጉልበታችን ሥር ያወራ ጀመር።

ሰው ሁሉ ግጥም ሰጠ። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይነግረዋል፣ እሱ በዜማ ይመልሰዋል። ረዳታችን ለእናቱ ገጠመ። እህትማማቾቹ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ጨረሰች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየችና የራሷን አወጣች፦

ጩኸቱን አጥፍተን ስንጫወት ታዝዘን፣
እንግዶቹ ሰሙን እኛ ወርቁን ይዘን።

ቤቱ ባንዴ ጮኸ። ሾፌራችን ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ እንባዬ መጣ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸውን አነሡና «ቆይ፣ እንዳትነግረኝ» አሉ። እስክንወጣ ድረስ ዝም ብለው ተቀመጡ። በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይጽፉ ነበር።

6 ሰዓት አልፏል። እኔና ጋሼ በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። ዘንባባዎቹ ሥር መንገዱ ባዶ ነው። ማረፊያችን በር ላይ ደርሰን አንድ እግራቸውን መሬት ካደረጉ በኋላ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይጠብቃል!» አሉ። «ሲላላ ሰሙን ነው፣ ለእኛ ሰሙን ሰጥተው ወርቁን ለራሳቸው ያዙ። ሲጠብቅ ደግሞ ሰሙን ነው! ሰሙና! እንግዶቹ ሰሙና!»

ክንዴን ይዘው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ባለ ባጃጁ ልጅ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ጋሼ ተመልሰው ወደ እሱ ጎንበስ አሉና ከደብረ ማርቆሱ መብራት ጀምረው ይነግሩት ጀመር። ልጁ አልሰማ ብሎት ሞተሩን አጠፋ።